ቢጫ መዳፍ

ልጄ ልዕልና ወንድ ልጅ ተገላገለች ሲሉኝ ነጯን ዶሮዬን በብብቴ ሸጉጬ ወጣሁ። ሰው በወፍ ጉንፋን ማለቅ ከጀመረ ወዲህ ዶሮ በእጅ መያዝ ክልክል ነው፣ በሳጥን ብቻ ነው የሚሄደው። ግን የአራስ ዶሮ እንደ ዕቃ ተቆልፎበት ይሄዳል እንዴ? ደግሞም የባሏ እናት ወይዘሮ አስረበብ በሽምግልናው ቀን «ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጠ ሰው ጋር እንዛመድ?» ያሉትን አልረሳሁም። ዛሬ አፋቸውን ላስይዛቸው ነበር።

መንገድ ላይ ዶሮ የሚመረመርበት ኬላ ነበር፤ እዚያ ያለችው ተቆጣጣሪ መመርመሪያ መሣሪያዋን ወደ ዶሮዋ አፍንጫ አስጠጋች። ቀይ በራ።

«ጉንፋኑ አለባት፣ አባባ። በእጅዎ ነው የያዟት?»

«በምን ልያዛት ታዲያ?»

ዶሮዋን ወሰደችብኝና ሁለቱንም መዳፌን ቢጫ ቀባችው። የታመመ ወፍ የነካ ሰው የሚለየው በዚህ ነው፤ ቀለሙ በሳሙና አይለቅም።

«በራሱ እስኪለቅ ሕፃን እንዳይነኩ» አለችኝ።

ደክሞኝ ነበር፤ ቢሆንም ሄድኩ። እጆቼን ኪሴ ከትቼ የእነ ወይዘሮ አስረበብ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ልዕልና ድምፄን ሰምታ ከአልጋዋ ተነስታ መጣች፣ ሕፃኑን ታቅፋ።

«አባዬ! እንካ እቀፈው፤ አፍንጫው ያንተው ነው።»

አልተንቀሳቀስኩም።

«እጁን እንኳ ከኪሱ አያወጣም» አሉ ወይዘሮ አስረበብ ከኋላዋ። «ባዶውን መጥቶ ደግሞ ኩራቱ!»

ልጄ ሕፃኑን ወደ ደረቴ አስጠጋችው። ወደ ኋላ አፈገፈግኩና መዳፎቼን አውጥቼ አሳየኋቸው።

ወይዘሮ አስረበብ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ልዕልና ሕፃኑን በነጠላዋ ሸፍና፣ ዓይን ዓይኔን እያየች በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«ደግ አደረግሽ» አልኳት፣ ለተዘጋው በር።