የጥቁር ኮቱ አዝራር

«ቀስ በል፣ ድንጋይ አለ!» እላለሁ ከኋላው።

«አየሁት» ይላል ባለቤቴ፤ ብሎም በድንጋዩ ይደናቀፋል።

አየሁት! ይቺን ቃል እኔ አውቃታለሁ። ዓይኑ እየደከመ በመጣበት ጊዜ ሁሉ «አየሁት» ሲል ነው የከረመው። ዕድሜ ልኩን ልብስ የሰፋ ሰው መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ሲታገል እያየሁት «መብራቱ ነው» ይለኛል። መብራቱ ምን በደለ?

ቁርጡን ያወቅሁት በዚሁ አሁን በለበሰው ጥቁር ኮት ነው። የእጅጌው አዝራር ተበጥሶ፣ ጥቁር ክር ደግሞ አልቆብን፣ ለጊዜው ብዬ በቡኒ ክር ሰፋሁለት። ድሮ ቢሆን ሱቁን በጩኸት ያናጋው ነበር፤ አንዲት ስፌት ዘንበል ካለች ስፌቱን መልሶ የሚያስፈታኝ ሰው ነው። ያን ቀን ግን አዝራሩን ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ አየና «እጅሽ ይባረክ፣ ልክ እንደ ድሮው» አለኝ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ክሩንም አልፈታሁት፤ ምን ብዬ ልፍታው?

አሁን የዓይኑ ቀዶ ጥገና አልፏል። ሐኪሙ ተሳክቷል ብሎናል፣ ፋሻው ከተነሣም ሰነባብቷል። ሰውዬው ግን የስፌት መኪናው አጠገብ አይደርስም። «ምን አስቸኮለሽ?» ይላል። ደንበኛ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። ስለዚህ ዛሬ ሱቁን ቆለፍኩና ገና ጎህ ሳይቀድ «ተነስ፣ አበባ እናያለን» አልኩት። በጨለማ ያገኘውን ኮት ደርቦ ወጣ። እውነቱን ለመናገር አበባው ሰበብ ነው። እያየ ይሁን እያስመሰለ ቁርጤን ላውቅ ነው የመጣሁት።

ኮረብታው ግን ጉድ ነው! ዝናቡ ካባራ ወዲህ ሣሩ መሃል ያልፈነዳ አበባ የለም፤ ቢጫው፣ ሐምራዊው፣ የሕፃን ጥፍር የሚያካክሉት ነጫጮች።

«ያንን አየኸው?»

«ያምራል።»

«ምኑ?»

«አበባው ነዋ!»

«ቀለሙ ምንድን ነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ለሽርሽር ነው ያመጣሽኝ ወይስ ለፈተና?»

ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም፤ ጭንቅ ብሎኛል።

አናቱ ላይ ስንደርስ የሁለታችንም ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ተራሮቹ ፊት ለፊታችን አንዱ ካንዱ ኋላ ተደርድረዋል፤ የመጨረሻው ጫፉ ላይ በረዶ ይዟል።

«ተራራውስ?» አልኩት።

«ትልቅ ነው።»

ትልቅ ነው! ተራራ ትልቅ መሆኑን ዓይኑን የጨፈነም ያውቃል። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እንግዲህ ይኸው ነው፣ አልኩ በሆዴ። ዋናው እሱ አጠገቤ መኖሩ ነው፤ ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ፣ እሱ ደግሞ... እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል? ከዚያ ወዲያ ማሰብ አቃተኝ።

ከያዝነው ውሃ ቀድቼ ኩባያውን አቀበልኩት። እጁን ዘረጋ፤ ግን ሳይዘው ቀረ። እጅጌውን ወደ ፀሐይ አዞረው። ገለበጠው። ደግሞ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ቡኒ ክር! በጥቁር ኮት ላይ ቡኒ ክር! ማነው ይሄን ጉድ የሠራኝ?»

ኩባያው ከእጄ ወደቀ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ? የልብስ ሰፊ ሚስት ሆነሽ? ሐኪሙ ዘንድ ሁሉ እንዲህ ሆኜ ነው የሄድኩት?»

«እሰይ!» አልኩ። «ተመስገን! ስደበኝ፣ የኔ ጌታ፣ ስደበኝ!» እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል።

ፊቴን አየ፤ ክሩን አየ። ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ፈርቼ ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጬ ባይሆንልኝስ ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

አገጩን ወደ ተራሮቹ ቀሰረ። «ያ በረዶ ነጭ እንዳይመስልሽ። ክሬም ቀለም ነው፤ ለሙሽራ ቀሚስ ገበር የምናደርገው ዓይነት።» እሱ ራሱ የሠራው ይመስል በኩራት ራሱን ነቀነቀ።

ከደረት ኪሱ ትንሿን መቀሱን አወጣ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሥራ ሳይነካ መቀሱን ከኪሱ አልለያትም ማለት ነው! ክሩን ቆረጠና አዝራሩን መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«ያዥልኝ። ነገ ራሴ በጥቁር እሰፋዋለሁ። አንቺ አዝራር የሚባል ነገር እንዳትነኪ!»

ቁልቁለቱን ሙሉ አበቦቹን ዞር ዞር እያለ እያየ፣ ስፌቴን ሲያብጠለጥል ወረደ። እኔም ያችን ቡኒ ክር ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ከኋላው ተከተልኩ።