የቢራቱ መጭመቂያ

ወንድሜ ቢራቱ ከመሞቱ በፊት ራሱ አቅልጦ የሠራቸው የእርሳስ አረሮች ውድብሪጅ ከተማ፣ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ቀርተው ነበር። የጀመረውን ልጨርስለት ፈለግሁ። አረሮቹን ቅባት እየቀባ ልካቸውን የሚያስይዘው መጭመቂያ ግን እጀታው አልወርድ አለኝ። የአደን ጓደኛውን ነህምያን ጠራሁት።

«ቅባቱ በብርድ ጠጥሮ ነው» ብሎ በፀጉር ማድረቂያ አለሰለሰው። እጀታው እንቢ አለ። አረሩ የሚያልፍበትን ቀለበት ፈትቶ ጠረገው። አሁንም እንቢ አለ። በመጨረሻ አረሩን አውጥቶ ባዶውን ተጫነው፤ ያኔም አልወረደም።

«ለስፖርት ቤት የምከፍለው በከንቱ ነው» አለና ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ከቀለበቱ ሳያነሳ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ወደ ታች ስጫን ወደ ላይ አትግፋብኝ እንጂ። እጅህን ከእጀታው ላይ አንሳ» አለኝ።

እኔ የቆምኩት ከኋላው፣ በሩ ጋ ነበር።