ሁለተኛው ጆግ

መስከረም የመጀመሪያውን ጆግ ጨርሳ አፏን በነጠላዋ ትጠርጋለች። እናቷ እትዬ ደስታነሽ ሁለተኛውን ከጠበሉ ሞልተው ይመጣሉ። እስኪያስመልሳት መጠጣት አለባት፤ የቦታው ወግ እንዲያ ነው።

ባሏ ተስፋው እግሯ ሥር ቁጢጥ ብሎ ያበጠ እግሯን ይዟል። አማቱን ቀና ብሎ አያይም። በአገሩ አማች እንዲህ ነው።

ፍኖተ ሰላም ያለው ሐኪም ግን የነገረው ለእሱ ነው። መዳፉን ዘርግቶ በጣቱ እያሳየ አስረዳው። ደም በአንድ ወፍራም ሥር ወደ ኩላሊት ይገባል፤ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ማሳ መስኖ ከቦይ ወደ ቦይ እየቀጠነ ሄዶ፣ ዓይን የማያያቸው የደም ሥር ጉንጉኖች ውስጥ ይደርሳል። ሽንት የሚጣራው እዚያ ነው። አንዴ የሞተ ጉንጉን መልሶ አይበቅልም። የእሷ ሊያልቁ ምንም አልቀራቸው። ነገ ባሕር ዳር ሄዳ ደሟ በማሽን መታጠብ አለበት። እስከዚያ ብዙ ውኃ ከጠጣች መውጫ አጥቶ ሳንባዋን ይሞላዋል።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ውኃ ከልክሏታል» ይላል፣ ለመሬቱ የሚናገር ይመስል።

«የእግዜር ጠበልና የወንዝ ውኃ አንድ ሆነብህ?»

ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ይስቃሉ። አንዷ፣ ልጁ አንደበት አለው እንዴ ትላለች።

ጆሮው ይግላል። «ኩላሊቷ አይለየውም» ይላል ቀስ ብሎ።

ሳቁ ይቆማል። እትዬ ደስታነሽ ጆጉን እንደያዙ ጎንበስ ይሉበታል። ድምፃቸው ለስላሳ ነው።

«ሐኪምህ፣ ዘመድ ኩላሊቱን ቢሰጣት ትድናለች ብሏል አላልከንም? አንተ ሁለት አለህ። እንዲህ ካዘንክላት አንዱን ስጣት።»

የተስፋው እጅ ሳያዘው ሄዶ ጎኑን ይሸፍናል።

መስከረም ታየዋለች። አትቆጣም፣ አታለቅስምም። እጁን ብቻ ታያለች፤ ከዚያ ለጠበሉ አፏን ትከፍታለች።

«እንካ» ይላሉ አማቱ፣ «አንተው አጠጣት።»

ይነሳል፤ ጆጉን ይቀበላል፤ ያጠጣታል። ማየት የሚችለው እግሯን ብቻ ነው። አውራ ጣቱ ያረፈበት ቦታ እንደ ጎደጎደ ቀርቷል። ከአገጯ የሚንጠባጠበው ጠበል እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል።