ፈቃዱ እስኪመጣ

ጠበቃው «የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻህ ሳይወሰን ከዚህ አገር ከወጣህ እንደተውከው ይቆጠራል» ካለው ሦስት ዓመት ሆነው። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ወደ ደሴ በደወለ ቁጥር እህቱ፣ «እማዬ ጋደም ብላለች፤ አልቀስቅሳት» ትለዋለች።

«የእማዬ እንቅልፍስ በዛ» አላት ሚስቱን። «ለሳምንት ብቻ አይቻት ልምጣ።»

«በሞቴ፣ ትንሽ ታገስ።»

ሳይወድ ታገሰ።

ዓርብ ዕለት ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዱ በፖስታ መጣ። ወዲያው ቲኬት ቆረጠ፤ ለእናቱ ያበጠ እግር የሚሆን ሰፊ ጫማም ገዛ። ቅዳሜ ማለዳ ጫማውን ሻንጣ ውስጥ ሲያመቻች በሩ ተንኳኳ። ሚስቱ ከፈተች። የዕድራቸው ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እሷም የራሷን አዘቅዝቃለች።

«ፈቃዱ መጥቷል» አለቻቸው ቀስ ብላ። «አሁን ንገሩት።»