ሁለተኛው ኮፍያ

ስምንተኛ ወሯን ከያዘች ጀምሮ አማቷ ከግቢ አላስወጣ አሏት። "ነፍሰ ጡር ብቻዋን አትወጣም።" ስልኳ ሊጠገን ሄዶ በዚያው ቀረ። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ "ተኝታለች" ተብሎ ከበር ይመለሳል። ሾፌሩ ባሏ ዘርይሁን ጭነት ይዞ ከወጣ ወር አልፎታል። ስትጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ "ኔትወርክ የሌለበት አገር ነው ልጄ፣ አታስቢ።"

ተማሪ ሳለች ሹራብ ትሠራባቸው የነበሩትን ሁለት ሽቦዎች ከሣጥን ሥር ያገኘችው ያኔ ነው። ጣቶቿ ምንም አልረሱም። ሽቦዎቹ ቀጭ ቀጭ ሲሉ የተቆለፈው በር ይረሳታል፤ በሆዷ ያለውም ይገላበጣል። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ለልጇ ካልሲና ቢጫ ኮፍያ ጨረሰች።

"እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ!" አሉ አማቷ፣ ሰሞኑን ከራሳቸው የማይለየውን ሻሽ እያጠበቁ።

እሷም ከትራሷ ሥር ሌላ ኮፍያ አወጣች። ትልቅ ነው፤ ጥቁር።

አማቷ ክሩን አወቁት። "የዘርይሁንን ሹራብ ተረተርሽው? ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?"

"ለእርስዎ ነው የሠራሁት፣ እማማ" አለች፤ "የተላጩት ፀጉርዎ እስኪያድግ ይሙቅዎት።"