የአቀበቱ ጭስ

ዘይኑልአቢዲን የአሊዩ አምባ ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጋራዥ ከከፈተ ሃያ ዓመት አልፎታል። መኪናው ምን እንደሚጭን አይጠይቅም፤ የሚያየው የመኪናውን ሆድ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ያልጠየቀ ሰው ቤቱ ያድር ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ አንድ ሰኞ ጧት፣ መቶ አለቃ ገብረአብ ከነሾፌሩ መጣ። መቶ አለቃው ከሐረርጌ ከተዛወረ ገና ሁለት ወሩ ነው። ሾፌሩን ወልደአረጋይን ግን ዘይኑልአቢዲን ያውቀዋል። የመጡበትን ኡራል የሚባል ወታደራዊ የጭነት መኪና ስድስት ዓመት የነዳ፣ ተናገር ካላሉት የማይናገር ሰው ነው።

«ይህ መኪና ያጨሳል» አለ መቶ አለቃው።

«ያረጀ የናፍታ መኪና መቼም ያጨሳል፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

«እንዲህ አያጨስም። አንኮበር ሳይደረስ፣ አቀበቱ አናት ላይ ያለችውን መንደር ታውቃታለህ? ለብሔራዊ ውትድርና የሃያ ሁለት ወጣት ኮታ አለባት። ሦስት ጊዜ ወጣን፤ አንድ ጎረምሳ አላገኘንም። ከሌላው ቀበሌ ሞልተን እንመለሳለን፣ ከዚያች ባዷችንን። ጭሱን ከሩቅ እያዩ ገደል ለገደል ይበተናሉ።»

«ሊቀመንበራቸው ምን ይላል?»

«ወጣት የለንም ይላል። እንዲህ የማይል ሊቀመንበር የት አለ?»

መቶ አለቃው ሾፌሩ መራቁን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ደግሞ ይህ ሾፌር አቀበቱ ሥር ካለው ምንጭ ሳይቆም አያልፍም። ለራዲያተሩ ውሃ ልሙላ ይላል። ሴቶቹ እንስራቸውን አስቀምጠው ይመጡና በኋላ በኩል ጭነቱን አይተው ዝም ብለው ይመለሳሉ። ስንት ወታደር እንደያዝን ይቆጥራሉ ማለት ነው። እስከ ሐሙስ ጭሱ ይጥፋ። ካልጠፋ አንተም ከእሱ ጋር ትጠየቃለህ።»

ዘይኑልአቢዲን ኮፈኑን ከፈተ። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኗል። ኖዝሎቹ ናፍታውን እንደ ጉም መርጨት ሲገባቸው ያንጠባጥባሉ። ሳይቃጠል የቀረው ናፍታ ነው ጥቀርሻ ሆኖ በማርሚታው የሚወጣው። ጀማሪ እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው። ስድስት ዓመት የነዳ ሰው ይህን ያጣዋል?

«አውቀህ ነው የተውከው» አለው በለሆሳስ።

ወልደአረጋይ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ይመለከት ነበር። «መኪናው አርጅቷል፣ ጋሼ።»

«ከኔ አትደብቅ። እኔም ልጅ አለኝ። አላህ ጀዛህን ይክፈልህ።»

ሾፌሩ ቀና አላለም። «እንደሱ አይበሉኝ» አለ።

ደግ ሰው ደግነቱ ሲነገርበት ያፍራል፣ ብሎ አሰበ ዘይኑልአቢዲን።

ከኖዝሎቹ አንዱን እንዳለ ቢተወው አቀበቱ ላይ ጭሱ አይቀርም። ሃያ ሁለት ልጆች ያመልጣሉ። ግን ቤት ውስጥ ልጁ ሸሪፍ አለ፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ። አባቱ የታሰረበትን ልጅ ማን ከአፈሳ ያስጥለዋል? ኖዝሎቹን አንድ በአንድ አጥቦ፣ ሞክሮ፣ ገጠመ። ማጣሪያውን ለወጠ። ሞተሩን ሲያስነሳው ከማርሚታው የወጣው ትንፋሽ ለዓይን አይታይም። ደስታም ጸጸትም አልተሰማው። እጁን በናፍታ ታጠበ።

ሐሙስ ዕለት መቶ አለቃው እሱንም ጋቢና አስገባው። «ሥራህን አብረን እናየዋለን» አለው።

በምንጩ በኩል ሲያልፉ መቆም ተከለከለ። ውሃ በጀሪካን ተይዟል። የሙቀት መርፌው ቀዩን ሊነካ ሲል ከአንድ ጥግ ቆሙ። ዘይኑልአቢዲን ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ፣ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ፈታና ሞላ። ያየ ሰው አልነበረም። አቀበቱን ሲወጡ ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ከመንገዱ በላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል።

«ልጆቹ የት ይሆኑ አሁን?» አለ ሳያስበው።

ወልደአረጋይ መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊቱን ያያል።

መንደሩ አውድማ ላይ ነበር። ገብስ ይወቃል። ወታደሮቹ ዘለው ወርደው አውድማውን ከበቡት። የሮጠ የለም። በሬዎቹን የሚነዱት ሁለት ልጃገረዶች ናቸው፤ መንሹን የያዙት ወገባቸው የጎበጠ ሽማግሌ። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቤት ለቤት ተፈተሸ። ጎተራ ተገለበጠ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ተኬደ። ወታደሮቹ የተመለሱት ባዶ እጃቸውን ነው።

የመቶ አለቃው ፊት ገረጣ። ሽጉጡን መዘዘና ወልደአረጋይን በኮሌታው ይዞ ከጋቢና አወረደው። አውድማው ዳር አንበረከከው።

«ጭስ የለ፣ ምንጩ ጋ መቆም የለ! በምን ነገርካቸው?»

ወልደአረጋይ ዓይኑን ከልጃገረዶቹ ላይ ነቅሎ መሬት አየ።

ዘይኑልአቢዲን ሊለምንለት አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። ጭሱን አጥፍቼ ይህን ሰው ያስገደልኩት እኔ ነኝ፣ አለ በልቡ።

ወይዘሮ ወለተሐና የሚባሉ ባልቴት ሰፌዳቸውን አስቀምጠው ቀረብ አሉ። ወደ ተንበረከከው ሰው ጎንበስ ብለው ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ያውቁታል አይደል?» አለ መቶ አለቃው። «የሚያስጠነቅቃችሁ እሱ ነው። ይናገሩ! ልጆቹ የት ናቸው?»

«ምነው እኛን ትጠይቀናለህ፣ ልጄ? ካቻምናና አምና አንድ ሳያስቀር ጭኖ የወሰደብን እሱ አይደለም ወይ?»