ሰማያዊው ውሃ

የከተማው የቧንቧ ውሃ ከወንጀል መዝገብ ጋር ከተገናኘ ወዲህ፣ ተፈርዶበት በሚያውቅ ሰው እጅ ላይ ሲፈስ ሰማያዊ ይሆናል። መዝገቡን የማያውቀው የዝናብ ውሃ ብቻ ነው። ሠራተኛ ሊቀጥር ያሰበ ሁሉ የግል መርማሪዋን ትርሲትን ይልካል፤ እሷም የቧንቧ ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ ትሄዳለች።

ያን ቀን የመዋዕለ ሕፃናት ጥበቃ ለመሆን ያመለከቱትን ጋሽ ደምሰውን ልታጣራ ቤታቸው ሄደች። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉላት። ውሃው በጣቶቻቸው መሃል ሲወርድ እንደ ንጋት ሰማይ በራ። ሃያ ዓመት ስታየው ኖራ፣ ዛሬም ውበቱ አስደነቃት።

«በጉርምስናዬ ሰው ደብድቤ ታስሬያለሁ» አሉ።

«እንደሚታወቅብዎ እያወቁ ለምን እጅዎን ሰጡኝ?»

«ልጄ፣ ይሄ ውሃ ከመጣ ወዲህ ያስታጠበኝ ሰው የለም። በልጄ ሰርግ እንኳ እንዳላሳፍራት ብዬ በማንኪያ ነው የበላሁት። ሥራው ቢቀርም ይቅር፤ አንዴ ሰው ያስታጥበኝ ብዬ ነው።»

ትርሲት ማንቆርቆሪያው እስኪያልቅ ድረስ ቀስ ብላ አፈሰሰችላቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ለምሳ ቤቷ ስትገባ ባሏ አስናቀ ማዕድ አቅርቦ ይጠብቃታል። እንደ ልማዱ ማንኪያውን አነሳ። «ጣቴን ቅባት ሲነካው አልወድም» ሲላት ይህን ሁሉ ዓመት አምናው ኖራለች።

«ማንኪያውን አስቀምጠው» አለችው።

ፊቱ ልውጥውጥ አለ።

ትርሲት ግን ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ከጣሪያው ሥር ካለው በርሜል የዝናብ ውሃ ቀዳች።